ተረቱ ሳያልቅ ክዳኑ አይከፈትም

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ሰዓት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆጥር ነበር፤ ኩሽናው ውስጥ ግን የሚሰማው ሰው አልነበረም። ኩሽናው የአዳዳ ነበር። አዳዳ የአባቴ እህት ናት፤ ስሟ ጫልቱ ቢሆንም እኔና ታናሽ እህቴ ሲፈን፣ ኋላ ኋላም የባኬ ጃማ ሰፈራችን ልጆች ሁሉ፣ በአፋን ኦሮሞ የአባት እህት እንደምትጠራው አዳዳ ብቻ ነበር የምንላት። በወጣትነቷ ነቀምቴ ይኖሩ ከነበሩ የውጭ አገር ነርሶች ቤት ምግብ ታበስል ስለነበር ብስኩትና ኬክ መጋገር ታውቅበታለች። ነርሶቹ የሚጋግሩት ሰዓት እያዩ ነበር አሉ። አዳዳ ደግሞ የምትጋግረው በተረት ነበር።

ያኔ ኦቭን የሚባል ነገር በሰፈራችን ስላልነበረ ትልቁን ድስት ከሰል ማንደጃ ላይ ትጥድና፣ ውስጡ ሦስት ጠጠር ደርድራ፣ በጠጠሮቹ ላይ ትሪዋን አስቀምጣ ትከድነዋለች፤ ከክዳኑም ላይ ፍም ትበትናለች። ከዚያ ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ «ዱሪ ዱሪ» ትላለች፤ ድሮ ድሮ ማለቷ ነው። ለዳቦ ረጅም የጅብ ተረት ነበራት፤ ለኬክ መካከለኛ የጦጣ ተረት። ጅቡ ገደል ሲገባ ፍሙን ትቀንሳለች፤ ጦጣዋ ስታመልጥ ድስቱን ታዞራለች። ተረቱ ሳያልቅ ክዳኑ አይከፈትም። እጁን ወደ ክዳኑ የሰደደ ልጅ ካለ «ቱሪ!» ትለዋለች፤ ቆይ ማለት ነው።

መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች፣ እሱም ብዙ ጊዜ ነበር፣ ብርሃናችን የክዳኑ ፍምና መስኮቱ ላይ ያለችው ፋኖስ ብቻ ስለነበሩ፣ የአዳዳ ፊት አንዴ ቀልቶ አንዴ እየጠፋ፣ ጅቡም ጦጣዋም ከጨለማው ውስጥ ሆነው እኛኑ የሚያዩን ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያየሁትን ከሰማሁት መለየት ያቅተኛል። ጅቡ እውነት ኩሽናችን በር ላይ ቆሞ ያውቅ ነበር ብሎ የሚምልልኝ ሰው ቢመጣ ውሸታም አልለውም።

ሲፈን ስንዴ አይስማማትም። ይህን ለማወቅ ቤታችን ብዙ ተንከራቷል፤ ሆዷ እየተነፋ፣ እጅና እግሯ እየቀጠነ፣ አንዱ ጠበል አንዱ ጸሎት እያለ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ስንዴም ገብስም በአፏ እንዳይዞር፣ ፍርፋሪውም ቢሆን፣ ብሎ አዘዘ። ሰፈሩ ጉድ አለ። «ዳቦ የማይስማማው ሰው ደግሞ አለ እንዴ?» እያሉ እናቴን የሚጠይቋት ሴቶች ነበሩ፤ እናቴም ትስቅ ነበር፣ ስቃ ስትጨርስ ደግሞ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር።

ያን ዓመት በገና፣ በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ፕሮግራም ላይ፣ እንደ ልማዱ ብስኩት በትሪ ዞረ። አስተማሪዋ ሲፈን ጋ ስትደርስ የእናቴን ማስጠንቀቂያ አስታውሳ በአዘኔታ አለፈቻትና አንድ ሙዝ ሰጠቻት። ሲፈን ሙዙን ሳትልጠው ቤት ድረስ ይዛው መጣች። ኩሽና ገብታ አዳዳ ፊት ቆመችና «እኔ ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ?» አለቻት።

አዳዳ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ማሎ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ታዲያ ለምን ከትሪው አልሰጡኝም?»

አዳዳ ሙዙን አየችው። «በሚመጣው ገና» አለች፣ «አንቺ ከምትበዪበት ትሪ ነው ሁሉም የሚበላው። አንድ ትሪ። ጫልቱን ውሸታም በዪኝ።»

ዓመቱን ሙሉ ስታስብበት ከረመች። ገናው ሲቃረብ ከገበያ ለውዝ ገዛች፤ ቆልታ፣ ልጣጩን አሽታ፣ በሰፌድ አበጥራ በሙቀጫ ወቀጠችው። ለማያያዣ ጥቂት የጤፍ ዱቄት ያስፈልጋታል፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ስንዴም ይፈጫል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ሄዳ ባለወፍጮውን ለምና ወፍጮውን አስጠረገች፤ መጀመሪያ የወጣውን ዱቄትም ለዶሮ ይሁን ብላ ተወችው። ለጋ ቅቤውን በጎመን ቅጠል ጠቅልላ ስታመጣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ በአጥሩ በኩል አዩዋት። እትዬ የሺ የደብረ ማርቆስ ሰውና ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የገና ጾም ላይ ስለነበሩ አፍንጫቸውን ይዘው «ወግጂ ከዚህ! በቅቤ ልትፈትኚኝ ነው?» እያሉ ሲስቁ እስካሁን ይሰማኛል።

በፕሮግራሙ ዋዜማ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቅቤና ስኳሩን መትታ፣ እንቁላል ጨምራ፣ ለውዙን ለወሰችው። የመጀመሪያው ትሪ ድስት ገባ። «ይቺ አዲስ ተረት ናት፤ ማንም አልሰማትም» አለች፤ ለሲፈን ብላ ራሷ የፈጠረቻት ነበረች።

ዱሪ ዱሪ፣ ዴዴሳ ቆላ ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበረች። ሰብሎቿን ሁሉ ጠርታ ፍሬያችሁን የት ታስቀምጡልኛላችሁ አለቻቸው። ስንዴ አንገቱን አስግጎ «እኔ አናቴ ላይ» አለ። በቆሎ ጢሙን እየደባበሰ «እኔ ጉያዬ ውስጥ» አለ። ለውዝ ቢጫ አበባ ነበራት፤ ሁሉም ሲስቁባት ጊዜ ጎንበስ ብላ አበባዋን አፈር ውስጥ ቀበረች። «አፈረች! አፈረች!» አሏት። ወፎቹ መጡና ስንዴውን ለቀሙት፤ እዚህ ላይ አዳዳ የክዳኑን ፍም ቀነሰች። ዝንጀሮዎቹ መጡና በቆሎውን ሸለቀቁት፤ የቅቤና የለውዙ ሽታ ኩሽናውን ሞላው፣ ሲፈን አይኗን ጨፍና ታሸት ነበር። አሮጊቷ ተርባ እያለቀሰች ለውዟን ነቀለቻት። አዳዳ ክዳኑን አነሳች፤ ተረት ሳያልቅ ስትከፍት ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ትሪው ወርቅ መስሎ ወጣ። አዳዳ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችውና ማውራቷን ቀጠለች፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። አንዱን አንስቼ ነበርና እጄ ላይ ፈረሰ። ሌላውን ነካሁት፣ እሱም ፈረሰ። ለጓደኞቼ ሁሉ «የኛ ቤት ብስኩት ነገ ታያላችሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር፤ አሁን ትሪ ሙሉ አሸዋ ይዤ ስገባ ታየኝ።

«ቱሪ፣ ተረቱ አላለቀም» አለች አዳዳ። ይህን እያለች እትዬ የሺ በአጥሩ በኩል «ጫልቱ! ያልሽኝን ከሰል ነይ ውሰጂ!» ብለው ተጣሩ። አዳዳ ወጣች፤ ሲፈን ጅራቷ ናት፣ ተከትላት ወጣች።

እኔና የቀረው ሊጥ ብቻችንን ቀረን።

እናቴ ለኛ ዳቦ የምታስቀምጠው የፉርኖ ዱቄት ጓዳ ውስጥ በባልዲ ተከድኖ ነበር። ሁለት እፍኝ ምን ታመጣለች አልኩ። ሐኪሙ ፍርፋሪም ቢሆን እንዳለ ጠፍቶኝ አይደለም። ቅናትም ነበረበት፤ ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ አልችልም። ቤቱ ሁሉ ሲፈን፣ ሲፈን፣ ሲፈን ነበር፤ ሙዙም ለሷ፣ ለውዙም ለሷ፣ አዲሱ ተረትም ለሷ። ሁለት እፍኝ ጨመርኩ፣ አሸሁት፣ እጄን ታጠብኩ።

ሁለተኛው ትሪ ጠርዙ ሳይነቃ፣ አንዱ ሳይፈርስ ወጣ። አዳዳ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ደግሞ እንዴት እንዲህ አማረ?»

«በደንብ አሸሁት» አልኳት።

«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምርቃት እንደዚያ ሲያቃጥል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ያማረው በትሪ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ለትንንሾቹ ሕፃናት ይሆናል ተብሎ በቆርቆሮ ጣሳ ተይዞ ሄድን። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ ትሪው ዞረ፤ ዘንድሮ ሲፈንን ማንም አላለፋትም። ብስኩቷን በሁለት እጇ ይዛ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። አስተማሪዋ ያን ቀን ያላመሰገነችው ነገር አልነበረም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወላጆች፣ ስለ ከተማው ሰላም። በመሃል ሲፈን አንድ አይኗን ገልጣ ወደኔ ዞረችና «አንቺ ነሽ አይደል ያሸሽው?» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ፊቷ በኩራት በርቷል።

«አሜን» ሲሉ ከእጇ ነጠቅኳት። «ስንዴ አለበት!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት! እኔ ነኝ!»

ሲፈን አላለቀሰችም፤ ባዶ እጇን ታይ ነበር። አዳዳ ከኋላ ወንበር ተነስታ መጣች፤ ጆሮዬን የምትይዘኝ መስሎኝ አንገቴን ቀበርኩ።

«ለምን?» አለችኝ ብቻ።

«እንዳይፈርስ ብዬ።»

አዳዳ ጣሳውን ከፍታ አንዱን ብስኩት አወጣችና አግዳሚው ላይ መታችው። ቋ አለ። አልፈረሰም። ሌላውንም መታችው፤ ቋ። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ጠንክሯል። ለካ ትኩስ ሆኖ ነው የሚፈርሰው፤ የሚፈልገው መቆየት ብቻ ነበር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች አዳዳ፣ ድምጿን ሳትጨምር። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ የተረቱን ጫፍ፣ እኔ ጆሮ የነፈግኩትን፣ እዚያው ቆማ ተረተችው። አሮጊቷ ለውዟን ስትነቅላት እርጥብና ለስላሳ ሆና አገኘቻት፤ ይሄማ አይበላም ብላ ልትጥላት ስትል ለውዝ «ቱሪ፣ እማማ፣ ቱሪ። ፀሐይ ላይ አስጪኝና ጠብቂኝ» አለቻት። አሮጊቷም ጠበቀች። ከዚያ ወዲያ አልተራበችም።

አዳዳ ልጆቹ የያዙትን ወደ ትሪው አስመለሰችና ከሲፈን ጋር እጃቸውን ታጠቡ። በጣሳው ውስጥ ያለው ለሁሉም ስለማይበቃ እየከፈለች ግማሽ ግማሽ አደለችው። ሲፈንም ግማሽ ደረሳት፣ አጠገቧ ያለው ልጅም ግማሽ፣ አስተማሪዋም ግማሽ። አንድ ጣሳ። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ጣሳውን አሳለፈችና ከትሪው ላይ ያን የሚያምረውን፣ ትልቁን፣ ሙሉውን አንስታ ሰጠችኝ። «ያንቺ ይኸው» አለችኝ።

ሁሉም እየሳቀ፣ ቋ ቋ እያደረገ ሲበላ እኔ ብቻዬን ሌላ ነገር ይዤ ተቀመጥኩ። ለስላሳ ነበር። ጣዕሙን አላስታውሰውም። ሲፈን ያን ሙዝ ቤት ድረስ ለምን ይዛው እንደመጣች የገባኝ ግን ያኔ ነው።

አዳዳ ካረፈች ዓመታት ሆነዋል። እኔ እዚሁ ነቀምቴ ነኝ፤ ኦቭን አለኝ፣ ሲደርስ ጢን የሚል ሰዓትም አለው። ከሰል የለም፣ ፍም የለም፤ የቅቤና የለውዙ ሽታ ሲመጣ ግን ፊቷ ቀልቶ ይታየኛል፣ እኔም ሳላስበው «ዱሪ ዱሪ» እላለሁ። አሮጊቷ ስትነቅል ጢን ይላል፤ ትሪውን አወጣና የቀረውን ተረት ለባዶ ኩሽናም ቢሆን እስከ ጫፉ አወራዋለሁ። ልጆቼ እናታችን ከብስኩት ጋር ታወራለች እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ሲፈን ዛሬ ጊምቢ አስተማሪ ናት። የትም ብትሄድ ሳትጠይቅ አትበላም፤ ሰርግ ላይ ትጠይቃለች፣ ሆቴል ትጠይቃለች፣ እናታችንን እንኳ «ስንዴ አልነካውም?» ትላታለች። ባለፈው ገና ቤቴ መጥታ ሳህኑን ሳቀርብላት እንደ ሁልጊዜው ሳትጠይቀኝ አንስታ ጎረሰች። ለብዙ ዓመታት በሆዴ ይዤው የነበረውን ያን ቀን አወጣሁት።

«እኔን ለምንድነው የማትጠይቂኝ? ከሰው ሁሉ እኔን?»

የገረማት መስላ አየችኝ። «አንቺማ ያኔ ነግረሽኛል» አለችና ሁለተኛዋን አነሳች።