የቶርኖው መብራት ሲመጣ

የእንጨት ቶርኖ መማር ስጀምር የፈራሁት መሮውን ነበር። እንዳይሰበርብኝ ብዬ ከአሮጌ ሞረድ የተሠራውን ርካሹን ትቼ፣ ደህናውን ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ አስመጣሁ። መነጽርም አደረግሁ። ሽርጥ መልበሴን ግን ልብ አላልኩም።

ጅግጅጋ፣ ቤቴ ጓሮ፣ ማሽኑን አስነስቼ ጎንበስ ስል የሚሽከረከረው እንጨት የሽርጤን ጫፍ ይዞ ይጠቀልለው ጀመር። ወገቤን እየጎተተኝ ሳለ መብራት ጠፋ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን ማጥፊያው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው፣ እጄ አይደርስም። የሽርጤ ቋጠሮም ጠብቆ አልፈታ አለኝ። መብራቱ አሁን ቢመጣስ?

"ሆዳን!" ብዬ ሚስቴን ተጣራሁ።

ከውጭ፣ ከቆጣሪው በኩል መለሰችልኝ። "ምን ያስጮህሃል? ካርድ አልቆ ነው። ሞልቼ መጥቻለሁ፣ ይኸው ላስገባው ነው!"

ቆይ ለማለት ጊዜ አልነበረም፤ አዲሱን መሮ ቋጠሮው ላይ አሳርፌ ቆረጥኩት። ማሽኑ ሲጮህ እኔ በቁምጣ ግድግዳው ጥግ ነበርኩ፤ ሽርጤ ብቻውን ይሽከረከራል።