እህቴ ያሳመረችው ምርመራ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የተቀደደ ጃኬት ስጧት፤ የት ጋ ተቀዶ እንደነበር ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ ያጣዋል። ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን ነው፤ ቀጠሮ አሳልፋበት ሊቆጣ የመጣውን ደንበኛ አስቃ ነው የምትሸኘው። በሰው ፊት ማነስ ግን ሞቷ ነው። እኔ ታናሿ ስንቴ ተጣልቻታለሁ በዚህ!

ልጇ ሁለት ዓመት አልፎትም ካልደገፉት አይቀመጥም፤ ማንኪያ አይጨብጥም፤ ቃል አያወጣም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት መላ ያለችን። ባለሙያ በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየመጣች ልጁንም እናቱንም የምታለማምድበት አገልግሎት አለ። «የሚቀበሉት ግን ከሦስት ዓመት በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው» አለችን። እህቴ በደስታ አለቀሰች።

አገልግሎቱ ይገባው እንደሆነ አይታ የምትወስነው መርማሪ የምትመጣ ዕለት ጠዋት ልጁ ታጠበ፤ አዲስ ሹራብ ለበሰ፤ ሶፋው ጥግ በትራስ ተወጥሮ ተቀመጠ። እህቴ ጀርባውን ደግሞ ከሹራቡ ስር በጥቅል ጨርቅ አስደገፈችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ዝም በይ! ልጄን ተዘርሮ ትየው?»

መርማሪዋ ከእኛ በኋላ ገና የምታየው አራት ቤት ይቀራታል፤ ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሳም።

«ብቻውን ይቀመጣል?»

«ይኸው ተቀምጦ!»

«ማንኪያ ይይዛል?»

«እንዴታ!»

«ቃላትስ?»

«እማዬ ይላል፣ ውሃ ይላል። እንግዳ ሲያይ ነው የሚያፍረው።»

ተሳሳቁ። እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ለጊዜው አገልግሎቱ አያስፈልገውም። እህቴ ልጁ ፈተና ያለፈ ይመስል ለጎረቤቱ ሁሉ አነበበችው። እንደገና እናመልክት ባልኳት ቁጥር «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ትለኛለች። ስንጨቃጨቅ ወራቱ አለቁ። በመጨረሻ ልጁን አዝላ ከእኔ ጋር ወደ አገልግሎቱ ቢሮ ሄደች።

ሠራተኛዋ ፋይሉን ገለጠች። «የኔ እናት፣ ሦስት ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ከእኛ አልፏል።»

«ከዚያ በላይ ላሉትስ?» አልኩ እኔ።

«እዚህ ከተማ የለም። ደግሞም ይቀመጣል ተብሎ ተጽፏል እኮ።»

እህቴ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው።

«ዋሽቼ ነው» አለች። «አይቀመጥም። ማንኪያ አይይዝም። አንድ ቃል አውጥቶ አያውቅም።»

ልጁ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ሳቀ። ሠራተኛዋ ለመጻፍ እስክሪብቶ አንስታ ነበር፤ ልጁን አየችና እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።