እናቴና እህቴ አንድ ቤት የታረሱ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ልጄ ሜሮን እኔ ቤት ልትወልድ መጣች። ባሏ ሻንጣዋን ከባጃጁ ሲያወርድ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት።

«እማዬ! ገና ሰላም ሳትይኝ?» ብላ ሳቀች።

«ሰላምታው የትም አይሄድ፤ መጀመሪያ እብጠት ካለ ልየው» አልኳት።

ልጆቼ ስጋታም ነሽ ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሜሮን ግን ዛሬ ቁጭ ብላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አለችኝ። ለሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያኔ የምንኖረው ዝዋይ ነበር፤ ዛሬ ባቱ በሚባለው። አባቴ ባለጋሪ ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ትቼ እናቴን አግዛለሁ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣል፣ በየመንገዱ ዳር ቀይ ሽንኩርት ተቆልሏል፣ የጓሯችን ፓፓያ ቢጫ ሆኖ ወፍ ይሻማናል። በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴ ዘነበች ከቢሾፍቱ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነዋ! ለገንፎው ገብስ ተፈጨ፣ ቅቤ ተነጠረ፣ አልጋው ወደ ጓዳ ገባ። ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። እኔማ አክስት ልሆን ነው ብዬ እግሬ መሬት አይረግጥም።

እናቴ ብቻ አንድ ነገር ሆናለች። በቀትሩ ሙቀት እንኳ ጋቢ ከላይዋ አይወርድም። «ወፈርኩ» ትላለች። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ ነፋሱ ጋቢዋን ገለበጠው። ሆዷን በመቀነት ጥፍንግ አድርጋ አስራዋለች።

«እማማ፣ አንቺም?»

«ዝም በይ!» አለችኝ ግራ ቀኝ እያየች። «ልጄ ልትወልድ ስትመጣ እኔም ሆዴን ይዤ ልጠብቃት? ጎረቤቱ ከልጇ ጋር ተፎካከረች አይለኝም? ለእህትሽ ትንፍሽ ብትዪ ልጄ አይደለሽም።»

አራት ቀን ዝም አልኩ። ግን እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ የአባቴን ሸበጥ አደረገች። ራሷን በሻሽ ጠፍራ ትውላለች። «ዓይኔ ላይ ዝንብ የሚመስል ይበርብኛል» አለችኝ። ምን በሽታ እንደሆነ አላውቅም። መፍራቱን ግን ፈራሁ።

ዘነበች የምትመረመርበት ቀን ደረሰና አባቴ ሁላችንንም በጋሪው ጤና ጣቢያ አደረሰን። እናቴ ከደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠች። እኔ ከእህቴ ጋር ገባሁ። ሲስተሯ የደም ግፊቷን ለክታ፣ «ሁሉም ደህና ነው» ብላ ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች። እጇን ያዝ አድርጌ፣

«ሲስተር፣ እናቴንም ይለኩልኝ። እርጉዝ ናት» አልኩ።

«የማን እናት?» አለች ዘነበች።

ወጥቼ እናቴን እየጎተትኩ አስገባኋት። ክንዴን የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ከርሟል። ሲስተሯ ጋቢውን ገለጥ አደረገች።

«ስንት ወርዎ ነው እናቴ?»

«ውፍረት ነው።»

ሲስተሯ መዳፏን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ታዲያ ውፍረቱ ይራገጣል እንዴ?»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ዘነበችም ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «ጉድ እኮ ነው! ልታረስ መጥቼ እናቴን ላርስ ነው!»

ሲስተሯ ግን የእናቴን እግር በአውራ ጣቷ ስትጫነው ሳቋን አቆመች። ጣቷ የተወው ጉድጓድ አልሞላም። የደም ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካች። «በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬውኑ ናዝሬት ሆስፒታል ትሂድ። ነገ አይባልም።»

«አገር ሳይስቅብኝ ቤቴ ልሂድ» አለች እናቴ።

ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ ከፊቷ ቆመች። «እማማ፣ አንቺ ከሌለሽ እኔን ማን ያርሰኛል?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻትና ጋቢዋን ሰብስባ ተነሳች።

ለአባቴ ሮጬ ስነግረው ራሱን አከከ። ለካ ያውቃል! «እሷ ካፈረች እኔ ምን ልበል? ጓደኞቼስ፣ አያት ሊሆን ነው ስንል አባት ሆነ አይሉኝም?» አለ። እብጠቱን ስነግረው ግን ልጓሙን ጨብጦ፣ «መንገድ! መንገድ! ነፍሰ ጡር ይዣለሁ! ሁለት!» እያለ በዋናው ጎዳና እስከ መናኸሪያ ፈረሱን ጋለበው። እናቴ ፊቷን ሸፈነች። እኔ የጋሪውን ጎን ይዤ ፍርሃቱና ደስታው ተቀላቅሎብኝ እጮሃለሁ።

ሚኒባሱ መቂን፣ ዓለም ጤናን፣ ቆቃን እያለፈ ሲከንፍ እናቴ የእህቴ ትከሻ ላይ ተደግፋ ነበር። እኔ ናዝሬትን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። በማግስቱ እናቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ሁለቱንም ታጡ ነበር» አለን። ወደ ዝዋይ ተመልሰን፣ በዘጠነኛው ቀን ዘነበች ቤታችን ወንድ ልጅ ወለደች። አንድ ድስት ገንፎ አገንፍቼ ሁለት ማንኪያ እሰካለሁ። የፈራናቸው ጎረቤቶች እየሳቁ መጡ፤ እየሳቁም «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» ብለው ቅቤና ማር አስቀምጠው ሄዱ። ሳቁ ይኸው ነበር፤ ማንንም አልገደለም።

እናቴ ስላጋለጥኳት ነገር አንድም ቀን አላመሰገነችኝም፣ አልወቀሰችኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከቤታችን ኋላ የምትኖር አንዲት ትልቅ ሴት ሆዷን መሸፈን ስትጀምር፣ እናቴ ሳትጠራ ቤቷ ገባች። «እኔ ከልጄ ጋር ወልጃለሁ፤ ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» ስትላት በአጥር ሰማኋት።

ሜሮን ይህን ሰምታ፣ «ያን ቀን ስትናገሪ አልፈራሽም?» አለችኝ። እንዴት አልፈራ! ሁለታችንም ፈርተን ነበር። እናቴ የፈራችው ሰውን ነው፤ እኔ የፈራሁት እሷን ማጣት ነው።

እናቴ ነገ ከባቱ ትመጣለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷ ያማታል፤ ግን በስልክ፣ «የልጅ ልጄን የማርሳት እኔ ነኝ፤ አንቺ ዳር ያዢ» ብላኛለች። ከሷ ጋር ማን ይከራከራል? አልጋዋን አንጥፌያለሁ።