ጆሮዬ የታየበት ፎቶና ሌላው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሀያት ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለችና ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። «እማ፣ አንቺ ምረጪልኝ» አለችኝ። ስልኩ ላይ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ይታያል። አንደኛው ረዘም ብሎ፣ በፊቱም በጀርባውም እንደ እንቁራሪት ዓይን ያፈጠጠ መስታወት አለው። ሁለተኛው ከክብሪት ብዙም አይበልጥ።

«ይሄ ባለ ሁለት ዓይኑ ዙሪያውን ነው የሚቀርጸው» አለች። «ፊትሽን፣ ኋላሽን፣ ሰማዩን ሳይቀር። የቱን ማየት እንደምትፈልጊ በኋላ ቤትሽ ገብተሽ ትመርጫለሽ። ርካሹ ዓይነት ስለሆነ ግን ትንሽ ሲጨልም ይደበዝዛል። ስልኬም ያንን ሁሉ ቪዲዮ መሸከሙን እንጃ። ይሄ ትንሹ ደሞ ደረት ላይ ይታሰራል። ዝናብ አይል፣ መንገጫገጭ አይል። ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያየው።»

«የትኛው ነው የማይጥልሽ?» አልኋት።

«ካሜራ አይጥልም እማ፤ የሚጥለው ጉድጓድ ነው!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሀያት ቀን ቀን ስልክ ጥገና ቤት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ብስክሌት ይዛ ከደሴ በሐረጎ አድርጋ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ካሜራውም ለዚሁ ነው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ገደል፤ እሱም ላይ ጭነት ያንገሸገሸው ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል፣ እየተንደረደረ ይወርዳል። ስትወርድ አንድም ቀን አላየኋትም። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ «ደርሻለሁ» የሚለው ስልኳ እስኪጮኽ የማውቃትን አንዲት የቁርአን ሱራ ስደጋግም ነው የምውለው። እንደምፈራ ነግሬያት አላውቅም። «ጠጅ ሳር የመሰለ መንገድ ይሁንልሽ» ብዬ መርቄ ነው የምሸኛት፣ የልብ ምቴን በሻርፔ ሸፍኜ።

አስቤ እነግርሻለሁ አልኋት። ያ ዙሪያውን ያያል የተባለው ካሜራ ግን ከፊቴ አልጠፋ አለ። ፎቶ የቆሙለትን ብቻ ሳይሆን ሌላም ሊይዝ እንደሚችል እኔ ከድሮም አውቃለሁና።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከኮምቦልቻ በታች፣ ሐርቡ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ማሽላው ወገብ የሚደርስበት፣ አፈሩ ሞቆ ሞቆ ከዝናብ በኋላ እንደ ገንፎ የሚተንበት ጊዜ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ካቆምሁ ቆይቻለሁ። ጎረቤቴና ጓደኛዬ ሉባባ ናት አንድ ጠዋት ውሃ ስንቀዳ ወሬውን ያመጣችው። ኮምቦልቻ ያለ ደላላ ልጃገረዶችን ወደ ጅዳ ይልካል፤ ወረቀቱን የሚጨርሰውም እሱ ነው። ከእኛ የሚፈልገው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለዚያውም ሁለቱም ጆሮ የሚታይበት።

«ጆሯችንን ምን ያደርጉታል?» አልኋት።

«በጆሮ ቤት ልታስጠርገን ያሰበች እመቤት ትኖራለች» አለችኝ ሉባባ። እንዲህ ናት እሷ። የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ በሳቅ ታልፈዋለች፤ እኔ ደግሞ ከሳቋ ኋላ እከተላለሁ።

ፎቶ ቤት ኮምቦልቻም ነበር። ግን ኮምቦልቻ አባቴን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ደሴ እንድንወጣ ተስማማን። ለአባቴ «አክስቴን አራስ ልጠይቅ» አልኋቸው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ በእርግጥ ወልዳለች፤ ውሸቱ እኛ ወደ እሷ አለመሄዳችን ነው። አባቴ ከመደብ ላይ ቀና ብለው ትንሽ አዩኝና «ሰላም በይልኝ» አሉ። እናቴ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ለአራሷ ሰጠችኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቅቤ ደሴ ላይ በአምባሻ በላነው።

ሎንቺናዋ ኮምቦልቻን አልፋ ሐረጎን መውጣት ስትጀምር ጆሮዬ ድፍን አለ። ከታች ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል፣ ከላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ደሴ ስንደርስ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ካፊያው እንደ ወንፊት ዱቄት ይወርዳል። መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። እኛ የቆላ ልጆች በስስ ነጠላ ተኮራምተን፣ የሚተኩሰውን በቆሎ ለመብላት ሳይሆን መዳፋችንን ለማሞቅ ይዘን ሄድን።

ፎቶ አንሺው ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጆሯችን ይታይ ሲሉን ሁለታችንም ሻርፓችንን ይዘን ቆምን። ወንድ ፊት እንዴት ይገለጣል? እሳቸውም ገብቷቸዋል ለካ፤ ሚስታቸውን እትዬ አልማዝን ጠርተው እሳቸው ደጅ ወጡ።

«የቱን ነው የምጫነው? ቀዩን?» ትላለች እትዬ አልማዝ ከውስጥ።

«ቀይ የለውም አንቺ ሴት! ከላይ ያለውን!» ይላሉ እሳቸው ከደጅ ሆነው።

«ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች!»

«እንድትገልጥ ንገሪያታ! እኔ በግድግዳ ውስጥ ላየው ነው?»

ሉባባ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ተራዬ ሲደርስ ግን ሳቁ ጠፋኝ። ጆሮዬን ብርድ ነካው። ከቤት ውጭ ብርድ ሲነካው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ያን ጊዜ ነው እውነትም መሄዴ እንደሆነ የገባኝ።

ጨርሰን ልንወጣ ስንል ሉባባ ለማስታወሻ አንድ ላይ እንነሳ አለች። ጋሽ ታደሰ ባሕርና መርከብ የተሳለበት መጋረጃ ገለጡልን። «ደሴ ድረስ መጥተን የጨርቅ ባሕር ፊት አንቆምም» አለቻቸው። «ደጅ ያንሱን። ራቅ ብለው ያንሱን ጋሼ፤ መንገዱም ሰዉም ጦሳም ይግባ!» እሳቸው ከደጃፋቸው ደረጃ ላይ ወጡ፣ እኛ ጀርባችንን ለመንገዱ ሰጥተን ቆምን። አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። በቃ። ፎቶው በሳምንቱ ይደርሳል ተባልን።

ማታ ቤቴ ስገባ አባቴ አልነበሩም። ትንሽ ቆይተው መጡ፤ ጋቢያቸው ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። «ዝናብ መታኝ» አሉ። ሐርቡ ላይ ያን ቀን ጠብ አላለም ነበር። እኔ ግን በራሴ ውሸት ተይዤ የእሳቸውን ልብ አላልሁም።

«አራሷ ደህና ናት?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት አባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ያን ሳምንት ሙሉ ሲያስሉ ሰነበቱ።

በሳምንቱ ሌላ ሰበብ ፈጥረን ፎቶውን ልንቀበል ወጣን። ጉርዷን ሳያት ዓይኔ ሊወጣ ደርሷል፤ ፖሊስ የያዛት ሌባ እመስላለሁ። ሰፊውን ፎቶ ያየችው ሉባባ ናት። አይታ አይታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«አንቺ» አለችኝ፣ «ይሄ ሰውዬ አባትሽን፣ አባ ሰይድን አይመስሉም?»

ተቀበልኋት። እኛ መሐል ላይ ጥርስ በጥርስ ሆነን ቆመናል። ከኋላችን መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ሱቅ ጥግ፣ ጥፍር የምታህል ሆና፣ የአባቴ ምስል አለች። ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ካፊያው እየወረደባቸው ነው። ዣንጥላቸው ግን እንደታጠፈ በብብታቸው ነው፤ መዘርጋቱን ረስተውታል። ዓይናቸው እኛ ላይ ነው።

በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ከቤት ስወጣ ፊቴን አይተው አላመኑኝም። በሚቀጥለው መኪና ተከትለው፣ አክስቴ ቤት ሲያጡን መናኸሪያ ጠይቀው ደሴ ወጡ። ፈልገው ፈልገው ከፎቶ ቤቱ ደጅ አገኙን። ከዚያም ቆመው አዩን። በቃ፣ አዩን።

ስንመለስ ሎንቺናዋ ኮምቦልቻ ላይ ስትቆም ሉባባ ተነሳች። ደላላው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ይጠብቀናል። ያን ዕለት ፎቶ ያልሰጠ ከዚያ ዙር ይቀራል።

«ትወርጃለሽ አትወርጂም?» አለችኝ።

ፎቶዋ በእጄ ናት። ከመቀመጫዬ ግን አልተነሳሁም።

«ፈሪ!» አለችኝ፤ እንባዋ ግን መጥቶ ነበር። ወረደች። በመስኮት ሳያት ሻርፗን አጥብቃ አስራ መንገዱን ስትሻገር ነበር።

አባቴን ከማሽላው መሐል አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ሁለቱንም ፎቶ ሰጠኋቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀበሉ። ጉርዷን ብዙ ጊዜ አዩዋት። «ጆሮሽ የእናቴን ነው ለካ» አሉ። ሰፊውን ሲያዩ ግን ራሳቸውን አገኙት መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፉ። ያጠፋው ሰው እሳቸው ይመስሉ ነበር።

«አባ፣ ለምን አልተሻገሩም?»

«ብሻገር እጅሽን ይዤ አመጣሽ ነበር» አሉኝ። «በማግስቱስ? በማግስቱ ማን ይዞሽ ይውላል?» ከዚያ ፎቶዎቹን መለሱልኝ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ወደ አረማቸው ዞሩ።

ቀረሁ። ዓመት ሳይሞላ ደሴ ተዳርሁ፣ ወለድሁ፣ ይኸው አለሁ። ሉባባ ክፉውንም ደጉንም አይታ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰች፤ ኮምቦልቻ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። በተገናኘን ቁጥር «አንቺ እኮ በአንድ ዣንጥላ ነው የቀረሽው» እያለች ታሾፍብኛለች። ሐቂቃውን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ማን እንዳተረፈ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ።

አባቴ ከሞቱ ቆዩ። እንደ እሳቸው የሚወደኝ ሰው አላየሁም። ግን አሁን እናት ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያን ቀን «ልጄ፣ ፈርቻለሁ» ብለውኝ ቢሆን እከራከራቸው ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ግራ ቀኙን አይቼ እሄድ ወይ እቀር ነበር። ዝናብ ላይ ከቆመ ሰው ፎቶ ጋር ግን እንዴት ይከራከሩታል? በፈቃዴ ቀረሁ ወይስ በዚያ ፎቶ? እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ካሜራዎቹን ባሳየችኝ ማግስት ጠዋት ሀያት ሻይዋን ቆማ ስትጠጣ «ቁጭ በይ» አልኋት።

«መረጥሽ?»

«ባለ ሁለት ዓይኑን ልልሽ ነበር። ከኋላሽ የሚመጣውን መኪና እንዲያይልሽ።»

«እማ! እሱ እኮ የሚታየው መኪናው ካለፈ በኋላ ነው» አለችኝ እየሳቀች።

«አውቄያለሁ» አልኋት። «ለዚህ ነው የተውሁት። ካሜራውን ለመንገድሽ እንደሚበጅሽ ምረጪ። እኔ ሌላ ነው የምነግርሽ። ሀያት፣ እኔ እፈራለሁ። እሑድ በመጣ ቁጥር ስልክሽ እስኪጮኽ ሱራ ስደጋግም ነው የምውለው። ተይ አልልሽም። ግን እንደምፈራ ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከእኔ አፍ ስሚው።»

ሳቋ ቆመ። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ምኑን ይበልጥ እንደምፈራ ጠየቀችኝ። ጠመዝማዛውን አልኋት፣ ከባድ መኪናውን አልኋት። እሷም መኪና ከኋላቸው ሲመጣ ሁሉም ዳር ይዘው እንደሚያሳልፉ፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ ጣቷ ከፍሬን እንደማይነሳ ነገረችኝ። ከዚያ ዓይኗን ሰበር አድርጋ «ደሞ አንዷ ኩርባ ላይ እኔም እፈራለሁ እኮ» አለችኝ። «ብነግርሽ ታስቀሪኛለሽ ብዬ ነው።»

ትንሹን ገዛች። ደረቷ ላይ የሚታሰረውን፣ ፊቷ ያለውን መንገድ ብቻ የሚያየውን። አብሽር፣ አይዞሽ አለችኝ፤ እኔም አብሽር አልኋት። እሑድ ሲመጣ ያው እፈራለሁ። ብቻዬን ግን አይደለም የምፈራው።