የሞተ ይለቃል

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ ሰጥታኝ «እውነቱን ብቻ ንገሪኝ፤ እንዳታዝኚልኝ» ስትለኝ ነው ያ ቅዳሜ ትዝ ያለኝ። ወረቀቱን ሳልገልጥ ይዤው ብዙ ቆየሁ። ሰው የደከመበትን ነገር ለፍርድ ሲያቀርብ ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ከክፍል ጓደኛዬ ከደሳለኝ ጋር አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርተን ነበር። ሁለት ተዋጊዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ በገደል አፋፍ እየተራመዱ፣ የሚመጣባቸውን አውሬ ሁሉ በሰይፍና በዱላ እየመቱ ያልፋሉ። እየገፉ በሄዱ ቁጥር ጉልበታቸው ይጨምራል፣ ጋሻቸው ይጠነክራል፣ የማያውቁትን ጥበብ ይማራሉ። ሥዕሉ የደሳለኝ ነው። ገደሉን ያገኘው አንድ ጊዜ ድብ ባሕር ላይ መኪና ተበላሽቶብን፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ካየነው ተራራ ነው። አውሬዎቹ ጭላዳ ዝንጀሮ ይመስላሉ፤ ግን ቀንድ አላቸው፣ እንደ ሰውም ቆመው ይሄዳሉ።

ታሪኩና የውጊያው ሚዛን ደግሞ የእኔ ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ነገር ነበረው። አንዱ ተዋጊ ሲወድቅ አይሞትም። ጓደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ አጠገቡ ከቆመለት እስትንፋሱ ይመለሳል። ካልተመለሰለት ግን ሁለተኛውን በር ማንም ብቻውን እንዳያልፍ አድርጌ ነው የሠራሁት።

የደሳለኝ አባት አይከል ከተማ ውስጥ የእህል መጋዘን አላቸው። ልጃቸው ተምሮ ሲያበቃ ጭላዳ ሲስል መዋሉ አልገባቸውም፤ አልፈርድባቸውም። «ይህ ጨዋታህ ሰው ፊት ይቅረብ፤ ከወደዱት ቀጥልበት፣ ካልወደዱት መጥተህ መጋዘኑን ያዝ» ብለውት ተስማምቶ ነበር። እሱ ከሄደ ጨዋታው አለቀለት። እኔ መስመር እንኳ ቀጥ አድርጌ መሳል አልችልም።

ሰው ፊት ማለት ደግሞ ጎንደር አራዳ ያለው የአያ ሙሉ ጌም ቤት ማለት ነበር። የከተማው ጌም ቤቶች ሁሉ አያ ሙሉ ያስገባውን ያስገባሉ፤ እሱ የናቀውን ይንቃሉ። ለዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ የሚያስጫውተውን የኳስ ጌም ዘግቶ የእኛን ጨዋታ ብቻ ሊያስጫውት ፈቀደልን።

ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የላብ፣ የሳምቡሳና የሞቀ ሽቦ ሽታ ይሸታል። ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ደሳለኝ ስክሪኑ ጎን ቆሞ፣ ከመንገድ የገዛውን የሽምብራ እሸት እንደያዘ አንዷን እንኳ ሳይፈለፍል ቀረ። ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ናትናኤል ተቀምጧል። ናትናኤል ስለ ጨዋታዎች የሚጽፍበት ገጽ አለው፤ የጎንደር ጌም ቤት ልጆች ሁሉ በስልካቸው ያነቡታል። እሱ «አይረባም» ያለውን ማንም አይነካውም።

መጀመሪያ ገደሉ ሲታይ «ኧረ ሸጋ ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሮ ሳቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ የአንደኛው ልጅ ተዋጊ በጭላዳ ተመትቶ ወደቀ።

«ልቀቅ! ልቀቅ እንጂ፣ ሞተሃል!»

«ምነው ትንሽ ብትታገሱኝ?»

«ሬሳ ጆይስቲክ ይዞ ያውቃል? ተራ ነው፣ ልቀቅ!»

ልጁ ለቀቀ። ሌላው ተተካ፤ ቁልፉን ተጫነ፤ አዲስ ተዋጊ፣ ያለ ጋሻ፣ ያለ ጥበብ፣ እንደ ሕፃን ደካማ ሆኖ ብቅ አለ። ወዲያው ወደቀ። «ልቀቅ!» ሌላ ተተካ። የአያ ሙሉ ቤት ሕግ ከጥንት ጀምሮ «የሞተ ይለቃል» ነው፤ ጨዋ ልጅ ደግሞ ሳይነግሩት ይለቃል። የጨዋታው መግቢያ ላይ እንዴት እንደሚጫወቱት ጽፈን ነበር፤ ግን ሳያነቡ ተጭነው አለፉት። ማንም ወደ ኋላ አልተመለሰም። የሚመለስለት ሰው ወንበሩ ላይ የለማ!

«አይልቀቅ፣ ቆዩ» አልኩ። ድምፄን ራሴ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም። እንደገና ልሞክር ስል ከጎኔ ያለው ልጅ «እህቴ፣ ታፈንሽ እንዴ?» አለኝና ከበሩ ፈቀቅ አለልኝ። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም።

አመሻሽ ላይ የናትናኤል ጽሑፍ ወጣ። ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ቆመን በአንድ ስልክ አነበብነው። «ሥዕሉ ሸጋ ነው። እንዲህ ያለ ገደል በስክሪን አይቼ አላውቅም። ጨዋታው ግን ባልንጀራህን ጥለህ እለፍ ይላል። የወደቀው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ይመጣል፤ እሱም ይወድቃል። ሁለተኛውን በር ያለፈ የለም፤ ቢያልፍስ በምን ሊኮራ?»

«ዴስ፣ ስላልገባቸው እኮ ነው! ወንበሩን ስለሚለቁ ነው። እንንገራቸው» አልኩት።

«ፋሲካ፣ ከተፈረደበት በኋላ የሚያስረዳ ሰው ለማኝ ነው» አለኝ። «አባቴ ጋ ደውያለሁ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።» እሸቱን እንዳለ አስታቀፈኝና ወረደ።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በቀጥታ ወደ አራዳ ሄድኩ። የአይከል ሚኒባስ ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ እሑድ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። አያ ሙሉ በበኩሉ ቅዳሴ ሳይወጣ አይከፍትም። የተዘጋው በር ፊት ቆሜ፣ ቁልፉን ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ የማላውቀው ጸሎት ሁሉ አፌ ላይ ነበር።

«አያ ሙሉ፣ የትናንቱን ልጫወት ነው።»

«አንቺ?» አለ። ከዚያ ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ከፈተልኝ።

ልጆቹ ተከታትለው ገቡ። ናትናኤልም መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ናትናኤልን «አብረኸኝ ትጫወታለህ?» አልኩት።

«እኔኮ ጽፌ ጨርሻለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ተቀመጠ። የመጀመሪያውን በር አለፍን። ከዚያ ሁለት ጭላዶች ሲመጡብኝ ጋሻዬን አላነሣሁም። ተዋጊዬ ወደቀ።

«ልቀቂ!» አለ አንዱ።

ጆይስቲኩን ይዤ ቀረሁ።

«ልቀቂ እንጂ! ሴት ስለሆንሽ ሕግ አይሠራም?»

«አያ ሙሉ፣ ንገራታ!»

ከኋላዬ አንዱ ወንበሩን ነቀነቀው። ጀርባዬ ላይ የሁሉም ዓይን አለ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ጮኾብኝ አያውቅም። ጉልበቴ ተነሺና ሂጂ፣ ተነሺና ሂጂ ይለኛል።

«አልሞትኩም» አልኩ። አሁን ተሰማ። «ወድቄ ነው። ናትናኤል፣ ተመለስልኝ።»

«ወደ ኋላ? ወደ ኋላም ይኬዳል እንዴ?»

«ሞክረው።»

ተዋጊው ወደ ግራ ዞረ። ጭላዶቹ ጀርባውን እየመቱት፣ ጋሻው እየተሰበረ፣ እያነከሰ መጣና አጠገቤ ቆመ። የወደቀው ተዋጊ ደረት ከፍ ዝቅ አለ፤ ከዚያ በእጁ ተመርኩዞ ቀና አለ።

ሁለተኛውን በር ስናልፍ የነበረውን ጩኸት መግለጽ አልችልም። «ትናንት ምነው ዝም አላችሁ!» እያለ የሚቆጣኝ ነበር። ትናንት ተጫውተው የለቀቁት ልጆች እንደገና ተራ ያዙ፤ አሁን ግን ሁለት ሁለት ሆነው። ናትናኤል ስልኩን አወጣ። «የጻፍኩትን አላጠፋም» አለኝ፣ «ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ከሥሩ ግን እጨምርበታለሁ። የጨዋታው ድምፅም ጆሮ ይበሳል፤ እሱንም እጽፋለሁ።»

ዛሬ ሳስበው ናትናኤል እውነቱን ነበር። እኔና ደሳለኝ በር ዘግተን ስንሞክረው ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ወድቆ መጠበቅ ቀላል ነበር። የአያ ሙሉ ሕግም ክፉ አይደለም፤ ያን ሁሉ ልጅ በሁለት ጆይስቲክ ሳያጣላ የሚያውለው እሱ ነው። ስለዚህ አሁን ሥራዬን ሰው ሲነቅፍብኝ ከመናደዴ በፊት የት ተቀምጦ እንዳየው፣ ማን ከኋላው እንደሚቸኩል እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አያጽናናኝም።

ያን ጠዋት ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ወደ ደጅ ወጥቼ ለደሳለኝ ደወልኩ። መናኸሪያ ነበር፤ ከበስተጀርባው ረዳቱ «አይከል! አይከል!» እያለ ይጮኻል። ስልኩን ወደ ቤቱ ጩኸት አዙሬ ያዝኩለት።

«ሁለተኛው በር ነው?» አለኝ።

«አልፈነዋል። መኪናው ሞላ?»

«ገብቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው ነው የቀረን።»

«ውረድና ሁለት ነው በላቸው» አልኩት።