ቅቤው ነው ተባለ

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ወለደች። አማቴ ከአዘዞ መጥተው የቅቤ ብልቃጣቸውን ገና ከጉያቸው ሳያወጡ፣ ነርሷ «እማማ፣ ቅቤ እንዳያልሱት! ኋላ ጣጣው ለእኛ ነው» ብላ ጮኸችባቸው። ደሜ ፈላ። ማላሱን ደግፌ አይደለም፤ እናኑ ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን፣ ፀጉሬም ሙሉ ሳለ፣ በሌላ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራ ነበር። አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ ጨቅላዎቹን ያዘ። ከትክል ድንጋይ የመጣችው የእናኑ ልጅ ሞተ። ቅቤ አልሳው ኖሮ፣ ሐኪሙም ነርሱም አንድ አፍ ሆነው ፈረዱባት። የባሏ እናትማ «በእጇ ገደለችው!» ብላ ከቤት አስወጣቻት።

እኔ የጠረጠርኩት በጨቅላዎቹ ክፍል ያለውን የውሃ በርሜል ነበር። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም እጁን የሚታጠበው ከዚያው በጆግ እየቀዳ ነው። ከሕፃናቱ፣ ከተረፈው ቅቤና ከበርሜሉ ናሙና ወስጄ አዲስ አበባ ላክሁ። እዚያ የባክቴሪያውን ጂኖም፣ የዘር ጽሑፉን ማለት ነው፣ ፊደል በፊደል አንብቦ ማን ከማን እንደሚዛመድ የሚለይ መሣሪያ አለ። አለ ማለት፣ የሚሠራበት ኬሚካል ጉምሩክ ተይዟል! ዛሬ ነገ ሲሉኝ ክረምቱ አለቀ። አንዱማ በስልክ «ወንድሜ፣ ልጁ እንደሆነ ሞቷል፤ ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። ኧረ በስመ አብ!

በመጨረሻ ውጤቱ መጣ። የሕፃናቱና የበርሜሉ ባክቴሪያ አንድ ዘር ነው፤ በቅቤው ውስጥ የለም። እናኑ ከመምጣቷ በፊት ከታመመ ሕፃን ወስደን ያቆየነው ናሙናም ያንኑ ይዞ ተገኘ።

በማግስቱ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በየጥጉ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። እናኑን ገበያ ውስጥ ከአባቷ ከአያ ካሴ ጋር ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ምነው እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ?» አሉኝ አያ ካሴ፤ እንባቸው መጣ።

እናኑ ግን አላለቀሰችም። ከሽንኩርቱ ቀና አለች።

«ውሃውንስ ደፋችሁት?»

አልተደፋም ነበር። አለቃዬ «መጀመሪያ ኮሚቴው ይየው» ብሎኝ ነበር። ሽንኩርት ገዝቼ መንገድ ጀመርኩ።

ይኸው ዛሬ ፀጉሬ ሳስቷል። ያቺ የባለፈው ሳምንት ነርስ አማቴን ተቆጥታ ስታበቃ ጥግ ወዳለው በርሜል ሄደች፣ በጆጉ ቀዳች፣ እጇን ተለቃለቀችና ልጄን ልትቀበለኝ ዘረጋች። ልጁን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

«መጀመሪያ ውሃውን ድፊው!»

«ሰውየው ጤነኛ ናቸው?» አለች ወደ ባለቤቴ ዞራ።

ጤነኛስ አይደለሁም። እናኑ የጥያቄዋን መልስ ገና እየጠበቀች ነው።