ባለቤቴ ያሉት ሰው

በደርግ ጊዜ ንፋስ መውጫ አማርኛ አስተምር ነበር። የጂኦግራፊው መምህር ዘመድ የሰጠው ትንሽ የፊልም ካሜራ ነበረው፤ ድምፅ አይቀዳም። ከራሳችን ኪስ፣ ማንንም ሳናስፈቅድ፣ እውነተኛ ታሪክ ልንሠራ ተነሣን። ምርጫችን አርብ ገበያ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የተፈጸመ ግድያ ላይ ወደቀ። አንድን ሰው ታላቅ ወንድሙ በጥይት ገድሎታል። አገሩ «በወሰን ነው» ይላል። እኔ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የለኝም፤ ሟቹ የእርሻ መሬቱን ትቶ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር የሚኖር ሰው ነበር። ታዲያ የምን ወሰን?

በገበያ ቀን ወርጄ፣ ስለ ፊልሙ ነግሬ፣ ልብስ ሰፊውን ጠየቅኋቸው። አርባ የሞላቸው ዝምተኛ ጎልማሳ ናቸው።

«ሟቹ ምንዎ ነበር?»

«ባለቤቴ» አሉ፣ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ። «ማታ ማታ እግሩን አጥብለት ነበር፤ እሱም የኔን። በወሰን ሞተ ሲሉ አንጀቴ ያርራል። እናንተ እንኳ እውነቱን አሳዩልኝ።»

ቃል ገባሁላቸው። ግን ያኔ ጆሯችንን የሞላው የውይይት ክበብ የጨቋኝና የተጨቋኝ ወሬ ነበር። ባለቤት ሲሉን የቤት ጌታ መሰለን፤ እግር ማጠብ ሲሉን ጭቆና። «እሱም የኔን» ያሉትን ታሪካችንን ስላበላሸብን ቆርጠን ጣልነው። ገዳዩም በፊልማችን ድሃ ነፃ ያወጣ ጀግና ሆኖ አረፈው።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመለስ ወራት ፈጀ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመማሪያ ክፍሉን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን አሳየን። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ተቀመጡ። ልብስ ሰፊውም ከአርብ ገበያ በእግራቸው መጥተው ከኋላ ነበሩ። ሟቹን ሆኜ የተወንኩት እኔ ነኝ፤ አጠገብ ቆሜ ታሪኩን የማነበውም እኔው። ግድግዳው ላይ በሰቀልነው አንሶላ እግሬን ዘርግቼ፣ ጢሜን እያፍተለተልኩ ታየሁ።

«ይህ ባለቤት ድሃውን ልብስ ሰፊ እግሩን ያሳጥበው ነበር» ብዬ አነበብኩ። ሰው ሳቀ።

ልብስ ሰፊው ተነሡ።

«ቤቱ የኔ ነው» አሉ። «እሱ ጎኑን የሚያሳርፍበት ጎጆ አልነበረውም። ባለቤቴ ያልኩህ፣ እናትህ አባትህን ባለቤቴ እንደምትለው ነው።»

ሳቁ ቆመ። ጥይቱ ለምን እንደተተኮሰ ያኔ ገባኝ፤ ስንት ወር ስቆፍረው የከረምኩት ነገር ፊት ለፊቴ ነበር። አፈርኩ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ምን ማለቱ ነው?»

ለሰውየው ፈራሁ ብል ደስ ባለኝ፤ የፈራሁት ለራሴ ነው። «እንደ ወንድም ነበርን ማለታቸው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

ልብስ ሰፊው ትክ ብለው አዩኝ።

«ወንድሙማ የገደለው ነው» አሉኝ።